ስኮላርሺፕ ሲኖር የኮሌጅ ታክስ ክሬዲት፦ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ኮሌጅ የሚያስተምር ቤተሰብ ታክስ ሊያሠራ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጁ ስኮላርሺፕ ስላለው ክሬዲት አይገባችሁም» የሚል ነው። ክሬዲት ማለት ለትምህርት ስለከፈላችሁ ከታክሳችሁ ላይ የሚቀነስላችሁ ገንዘብ ነው። ይህ መልስ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ሂሳቡ ሳይሠራ የተነገረ ነው፤ በዚህ ምክንያት በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ በአራት ዓመት ደግሞ እስከ 10,000 ዶላር ሳይጠየቅ ይቀራል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች በ2026 መጀመሪያ ለሚሞላው የ2025 የግብር ዓመት የሚሠሩ የፌዴራል ቁጥሮች ናቸው። የስቴት ታክስ የራሱ ደንብ ስላለው ለብቻው ይታይ።

ክሬዲቶቹ ስንት ናቸው? የትኛው ይሻላል?

ሁለት ናቸው። አንደኛው አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ታክስ ክሬዲት ይባላል። ከሚቆጠረው ወጪ የመጀመሪያውን 2,000 ዶላር መቶ በመቶ፣ ቀጣዩን 2,000 ዶላር ደግሞ 25 በመቶ ይሰጣል። ሲደመር ለአንድ ተማሪ እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው፣ ማለትም እስከ 1,000 ዶላር፣ ምንም የምትከፍሉት ታክስ ባይኖር እንኳ በሪፈንድ ይመጣል። ተማሪው ዲግሪ ወይም ሰርተፊኬት ለማግኘት የተመዘገበ፣ በዓመቱ ቢያንስ በአንድ ተርም ግማሽ ጊዜና ከዚያ በላይ የተማረ፣ ዓመቱ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን አራት የኮሌጅ ዓመታት ያልጨረሰ መሆን አለበት። በአደንዛዥ ዕፅ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ተማሪ አይገባውም።

ሁለተኛው ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት ነው። እስከ 10,000 ዶላር ከሚደርስ ወጪ ላይ 20 በመቶ ይሰጣል፤ ጣሪያው ለአንድ ቤተሰብ፣ ስንትም ተማሪ ይኑረው፣ 2,000 ዶላር ነው። በሪፈንድ አይመጣም፤ ያለባችሁን ታክስ ብቻ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የዓመት ገደብ የለውም፤ ለማስተርስም፣ አንድ ኮርስ ብቻ ለሚወስድ እናት ወይም አባትም ይሠራል። ለአንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለቱን ክሬዲቶች አጣምሮ መውሰድ አይቻልም። ባችለር ላይ ላለ ልጅ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይበልጣል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች በብዛት የምንናገረው ስለ እሱ ነው።

ስኮላርሺፕ ክሬዲቱን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ሕጉ አንዱን ዶላር ሁለቴ አይሸልምም። ታክስ ያልተከፈለበት ስኮላርሺፕ ለትምህርት ክፍያ ከዋለ ያንን ክፍያ እናንተ እንደከፈላችሁት አድርጋችሁ ክሬዲት አትጠይቁበትም። ስለዚህ ስሌቱ የሚቆጠረው ወጪ ሲቀነስ ታክስ የሌለበት ስኮላርሺፕ ነው። የሚተርፈው ክሬዲቱ ወደሚጠየቅበት ፎርም 8863 ክፍል 3፣ መስመር 27 ይገባል፤ እዚያ ከ4,000 ዶላር በላይ አይጻፍም።

ብዙዎች የሚስቱት «ታክስ የሌለበት» የሚለውን ቃል ነው። ስኮላርሺፕ ለዶርምና ለምግብ ከዋለ ለተማሪው ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ ገቢ ሆኖ የተቆጠረው ዶላር ደግሞ የትምህርት ወጪውን አይቀንስም። ወደዚህ በኋላ በቁጥር እንመለስበታለን።

የትኞቹ ወጪዎች ይቆጠራሉ?

የትምህርት ክፍያው፣ ሁሉም ተማሪ እንዲከፍለው የሚገደድበት ፊ፣ ለኮርሱ የሚያስፈልጉ መጻሕፍትና መሣሪያዎች። ለአሜሪካን ኦፖርቹኒቲ መጽሐፉ ከኮሌጁ መደብር መገዛቱ ግድ አይደለም፤ ከአማዞንም ይገዛ ከሌላ ተማሪ፣ ደረሰኙ ይኑር እንጂ ይቆጠራል። ላፕቶፕ ኮርሱ የሚጠይቀው ከሆነ ይገባል። በላይፍታይም ለርኒንግ ግን መጽሐፍ የሚቆጠረው ለመመዝገብ ግዴታ ሆኖ ለኮሌጁ ራሱ ከተከፈለ ብቻ ነው።

ዶርም፣ ምግብ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አውቶቡስ፣ ኮሌጁ የሚያስከፍለው የጤና ኢንሹራንስ አይቆጠሩም። ከኮሌጁ ቢል ላይ እነዚህን ለይታችሁ አውጡ፤ አንድ ድምር ሆኖ የተከፈለ ነገር ሁሉ ትምህርት አይደለም።

ፎርም 1098 ቲ ላይ ሳጥን 5 ከሳጥን 1 ይበልጣል። አበቃልን ማለት ነው?

አይደለም። 1098 ቲ ኮሌጁ ለተማሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የክፍያ መግለጫ ነው። ሳጥን 1 ኮሌጁ በዓመቱ ለትምህርት የተቀበለው ገንዘብ ነው፤ ከእናንተ፣ ከብድርም፣ ከስኮላርሺፕም የመጣውን ይጨምራል። ሳጥን 5 በኮሌጁ በኩል ያለፈው ስኮላርሺፕና ግራንት ነው። ቅጹ የማያውቃቸው ነገሮች አሉ፦ ከውጭ የተገዙትን መጻሕፍት አያውቅም፤ ስኮላርሺፑ ለምን እንዲውል እንደተፈቀደም አይናገርም። ስለዚህ 1098 ቲ መነሻ እንጂ መልስ አይደለም። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ሁለቱን ሳጥኖች ቀንሶ ብቻ ከመለሳችሁ ሥራው ገና አልተሠራም።

ከቅጹ ጋር ተማሪው በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የሂሳብ ዝርዝር አውጥታችሁ አያይዙ። እያንዳንዱ ክፍያና እያንዳንዱ ግራንት በየትኛው ቀን እንደገባ የሚታየው እዚያ ነው። ቀኑ ለምን ያስፈልጋል? ክፍያ የሚቆጠረው በተከፈለበት ዓመት ስለሆነ ነው። በዲሴምበር 2025 የተከፈለ የስፕሪንግ ክፍያ፣ ትምህርቱ በ2026 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተጀመረ፣ የ2025 ወጪ ነው፤ ሳጥን 7 ላይ ምልክት የሚደረገውም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ክፍያ ደግሞ መቁጠር ከምናያቸው ስህተቶች አንዱ ነው። ለዚያው ወጪ የሚሆን ግራንት ዘግይቶ በጃንዋሪ ከገባ ደግሞ ታክሱን ከመሙላታችሁ በፊት ወጪውን ቀንሱ። ከሞላችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ የወሰዳችሁት ትርፍ ክሬዲት በመጣበት ዓመት ታክስ ላይ ይጨመራል።

ሳጥን 8 ግማሽ ጊዜና ከዚያ በላይ መማርን፣ ሳጥን 9 የድኅረ ምረቃ ተማሪ መሆንን ያሳያል። ሳጥን 4 እና 6 ላይ ቁጥር ካለ ያለፈው ዓመት ሂሳብ ተስተካክሏል ማለት ነው፤ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ፔል ግራንቱ ክፍያውን በሙሉ ማለት ይቻላል ሸፍኖታል። ለክሬዲት ምን ቀረ?

ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ፔል ግራንት የፌዴራል መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው፣ ለትምህርት ክፍያም ለኑሮም እንዲውል የተፈቀደ ገንዘብ ነው። ኮሌጁ ቀጥታ በክፍያው ላይ ቢያውለውም እንኳ፣ ተማሪው በታክሱ ላይ የተወሰነውን ክፍል «ለኑሮ ዋለ» ብሎ ገቢው አድርጎ ማስገባት ይችላል። ይህ መሸሸጊያ ቀዳዳ አይደለም፤ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ራሱ በመመሪያው ውስጥ በምሳሌ ያስረዳዋል። የሚፈለገው የተማሪው እውነተኛ የኑሮ ወጪ ቢያንስ የዚያን ያህል መሆኑ ነው፦ ኪራይ፣ ዶርም፣ ምግብ፣ መጓጓዣ።

አንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ እንውሰድ። የትምህርት ክፍያና ፊ 5,600 ዶላር፣ መጻሕፍት 600 ዶላር፣ ድምር 6,200። ፔል ግራንት 5,500 ዶላር። ምንም ሳይነካ ቢሠራ የሚተርፈው 700 ዶላር ነው፤ ክሬዲቱም 700 ዶላር ይሆናል።

አሁን ከፔሉ 2,200 ዶላር ለትምህርት፣ 3,300 ዶላር ለኑሮ ይመደብ። የሚቆጠረው ወጪ 6,200 ሲቀነስ 2,200፣ ማለትም 4,000 ዶላር ሆነ። ክሬዲቱ 2,500 ዶላር፤ ጭማሪው 1,800 ዶላር። ተማሪው 3,300 ዶላሩን ገቢ አድርጎ ያስገባል። በዓመቱ በሥራ ያገኘው 7,000 ዶላር ቢሆን ጠቅላላ ገቢው 10,300 ነው። በ2025 ላላገባ ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ የማይነካው የገቢ መጠን) 15,750 ዶላር ስለሆነ የፌዴራል ታክሱ ዜሮ ነው። ቤተሰቡ 1,800 ዶላር አገኘ፤ ልጁ ምንም አልከፈለም።

ወላጆቹ ራሳቸው የሚከፍሉት ታክስ ከሌላቸው ደግሞ የሚመጣው የሪፈንዱ 40 በመቶ ብቻ ነው፦ ፔሉ ወደ ኑሮ ሳይዘዋወር 280 ዶላር፣ ሲዘዋወር 1,000 ዶላር። የ720 ዶላር ልዩነት ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤት የአንድ ተርም መጽሐፍ ከነትራንስፖርቱ ማለት ነው።

ስንት ማዘዋወር ይሻላል? በሙሉ ብናዘዋውርስ?

አይሆንም። የሚቆጠረው ወጪ 2,000 ዶላር እስኪሞላ ድረስ እያንዳንዱ የተዘዋወረ ዶላር አንድ ዶላር ክሬዲት ያመጣል። ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ውስጥ 25 ሳንቲም ብቻ። ከ4,000 በላይ ምንም አያመጣም፤ ልጁ ላይ ገቢ ከመጨመር በቀር።

ከላይ ያለው ተማሪ 7,000 ሳይሆን 14,000 ዶላር ሠርቶ ቢሆንስ? 1,300 ዶላር ብቻ ቢያዘዋውር ወጪው 2,000 ይሞላል፤ የልጁ ገቢ 15,300 ሆኖ ታክስ አይነካውም፤ ክሬዲቱ 2,000 ዶላር ይሆናል። እስከ 3,300 ቢገፋበት ክሬዲቱ በ500 ዶላር ያድጋል፤ ገቢው ግን 17,300 ሆኖ 1,550 ዶላሩ ታክስ ውስጥ ይገባል። የወላጆቹ የታክስ ደረጃ 12 በመቶ ከሆነ ልጁ 167 ዶላር ገደማ ይከፍላል። አሁንም 333 ዶላር ይተርፋል፤ ነገር ግን የስቴት ታክሱ ከዚህ ላይ ስለሚነሳ ሁለቱንም መንገድ አስልቶ ማየት ያስፈልጋል።

የልጁ ታክስ ለምን በወላጆቹ ደረጃ ይሰላል?

ከ24 ዓመት በታች የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ በሥራው ከራሱ ወጪ ከግማሽ በላይ ካልሸፈነ፣ ያለ ሥራ ያገኘው ገቢ ከ2,700 ዶላር ሲያልፍ ትርፉ በወላጆቹ የታክስ ደረጃ ይሰላል። ታክስ የሚነካው ስኮላርሺፕ በዚህ ደንብ «ያለ ሥራ የተገኘ» ነው። ለስታንዳርድ ዲዳክሽን ስሌት ግን ያው ስኮላርሺፕ «በሥራ የተገኘ» ሆኖ ይቆጠራል። ሁለት የተለያዩ ደንቦች አንዱን ገንዘብ በሁለት ስም ይጠሩታል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ለልጁ ዲዳክሽን 1,350 ዶላር ብቻ ሰጥቶ የማይገባ ታክስ ሲያስከፍለው አይተናል።

ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኙ ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። ለዶርምና ለምግብ የዋለ 14,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ያለው፣ በበጋ 3,000 ዶላር የሠራ ልጅ ገቢው 17,000 ነው። ከ15,750 የተረፈው 1,250 ዶላር በወላጆቹ ደረጃ ይሰላል፤ ደረጃቸው 22 በመቶ ከሆነ 275 ዶላር። ልጁ ታክሱን ሳይሞላ ከቀረ ደብዳቤ የሚመጣው ለእሱ ነው። ገንዘቡ ደብሊው ቱ (የደመወዝ መግለጫው) ላይ ካልወጣ በስኬጁል 1 መስመር 8አር ላይ ይጻፋል።

ማንኛውንም ስኮላርሺፕ ለኑሮ ማዘዋወር ይቻላል?

አይቻልም። ወሳኙ የስጦታ ደብዳቤው ነው። «ለትምህርት ክፍያ ብቻ» የሚል ስኮላርሺፕ ለዚያው ብቻ ይውላል፤ ኮሌጆች ራሳቸው የሚሰጡት ብዙ እርዳታ እንዲህ ነው። ደብዳቤው ገደብ ካላስቀመጠ ወይም ለዶርምና ለምግብም እንዲውል ከፈቀደ ይዘዋወራል። ካልተገለጸ ለኮሌጁ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡ። በስልክ የተነገረ ነገር በምርመራ ጊዜ አይረዳም።

ለተመራቂ ልጆች ገንዘብ የምትሸልሙ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ እባካችሁ የደብዳቤያችሁን አጻጻፍ ልብ በሉ። «ለትምህርት ክፍያ» ብቻ ከማለት «ለትምህርት ክፍያ፣ ለመጻሕፍት፣ ለመኖሪያና ለምግብ ሊውል ይችላል» ብትሉ ለእናንተ ምንም ወጪ የለውም። ለተማሪው ቤተሰብ ግን 1,000 ዶላር ሸልማችሁ 1,000 ዶላር ክሬዲት እንዳታሳጡት ያደርጋል።

ወላጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀጥሮ ለልጁ የሚያገኘው የክፍያ ቅናሽ፣ የውትድርና የትምህርት ጥቅም፣ አሠሪ የሚሰጠው እስከ 5,250 ዶላር የሚደርስ ከታክስ ነፃ እርዳታም እንደ ስኮላርሺፑ ወጪውን ይቀንሳሉ።

በብድር፣ በእቁብ ወይም በዘመድ ገንዘብ የተከፈለውስ?

እነዚህ ስኮላርሺፕ አይደሉም፤ ወጪውን አይቀንሱም። በብድር የተከፈለ ትምህርት ገንዘቡ ለኮሌጁ በገባበት ዓመት ይቆጠራል፤ ብድሩ እስኪከፈል አይጠበቅም። አክስት ወይም አጎት ቀጥታ ለኮሌጁ ቢከፍሉ ተማሪው እንደከፈለ ይታያል፤ ተማሪው ደግሞ የእናንተ ዲፔንደንት (በታክሳችሁ ላይ እንደ ጥገኛ የምትይዙት) ከሆነ እናንተ እንደከፈላችሁ ይቆጠራል። አክስት ክሬዲቱን ልትወስድ አትችልም። የተፋቱ ወላጆችም እንዲሁ ናቸው፦ ክፍያውን ማንም ይክፈል፣ ክሬዲቱ የሚሄደው ልጁን በዲፔንደንትነት ለያዘው ነው። ወርክ ስተዲ (ተማሪው በእርዳታ ፕሮግራም የሚያገኘው ሥራ) ደግሞ ደመወዝ ነው፤ ከስኮላርሺፕ ጋር አትደምሩት።

529 ሂሳብ አለን። እንዴት ይቀናጃል?

ለክሬዲት የተቆጠረ ዶላር ከ529 (ለትምህርት ከሚቆጠብበት ሂሳብ) በወጣ ገንዘብ ላይ ዳግም አይቆጠርም። የተለመደው ጥፋት ክፍያውን በሙሉ ከ529 ከፍሎ ለክሬዲት ምንም አለማስቀረት ነው። የሚበጀው 4,000 ዶላሩን ከኪስ ወይም በብድር ከፍሎ፣ ከ529ኙ ዶርምና ምግብ መክፈል ነው፤ ተማሪው ግማሽ ጊዜና ከዚያ በላይ ከተማረ ይህ ለ529 የተፈቀደ ወጪ ነው። ስኮላርሺፕ በመገኘቱ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከተረፈ፣ ታክስ በሌለበት ስኮላርሺፑ መጠን ስታወጡ የ10 በመቶ ቅጣቱ ይቀርላችኋል። ሂሳቡ ባስገኘው ትርፍ ላይ ያለው የገቢ ታክስ ግን አይቀርም።

አራት ዓመት ብቻ ነው ተብለናል። የትኞቹን ዓመታት እንምረጥ?

በፎል 2022 ጀምሮ በስፕሪንግ 2026 የሚመረቅ ልጅ አምስት የግብር ዓመታት ይነካል፦ 2022፣ 2023፣ 2024፣ 2025፣ 2026። አሜሪካን ኦፖርቹኒቲን መውሰድ የሚቻለው በአራቱ ነው። ስለዚህ ስኮላርሺፑ ከፍተኛ ሆኖ 300 ዶላር ብቻ ክሬዲት የተረፈበትን ዓመት መዝለል ነው። በዚያ ዓመት 300 ዶላር ከወሰዳችሁ አንዱ ዕድል አለቀ፤ ክፍያው የከበደበት ዓመት ሲመጣ 2,500ው የለም። በኋላ ላይ ላለመሳሳት በየትኞቹ ዓመታት እንደወሰዳችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከታክስ ፋይሉ ጋር አኑሩ፤ በተለይ በየዓመቱ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው የሚለያይ ከሆነ።

ገቢያችን ከፍ ያለ ነው። ይገባናል?

አንድ ላይ ለሚሞሉ ባለትዳሮች የተስተካከለው ገቢ ከ160,000 ዶላር ጀምሮ ክሬዲቱ ይቀንሳል፤ 180,000 ላይ ያልቃል። ላላገባ ወላጅ ከ80,000 እስከ 90,000 ነው። 170,000 ያለው ባልና ሚስት ግማሹን፣ እስከ 1,250 ዶላር ያገኛል። ለየብቻ የሚሞሉ ባለትዳሮች ምንም አያገኙም።

ገቢው ካለፈ ወላጆች ልጁን በዲፔንደንትነት ሳይይዙት ቢቀሩ ልጁ ራሱ ክሬዲቱን መውሰድ ይችላል። ነገር ግን ከ24 ዓመት በታች ያለና በሥራው ራሱን ከግማሽ በላይ የማይረዳ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሪፈንዱን አያገኝም፤ የሚጠቀመው የራሱን ታክስ እስከሚያጠፋበት ድረስ ነው። ወላጆች ደግሞ ለዲፔንደንቱ የሚሰጠውን 500 ዶላር ያጣሉ። ልጁ 500 ዶላር የሚያክል ታክስ ከሌለበት አያዋጣም።

ልጁ በስልኩ ታክሱን ሞልቶ ጨረሰ። የእኛ ግን ተመለሰብን።

በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የሚደርስ ነገር ነው። ልጁ ለ200 ዶላር ሪፈንድ ሲጣደፍ «ሌላ ሰው በዲፔንደንትነት ሊይዝህ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ «አይ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ የወላጆቹ የታክስ ማመልከቻ በኤሌክትሮኒክስ ሲላክ ይመለሳል። ልጁ በ1040 ኤክስ ያስተካክል፤ የወላጆቹ በወረቀት መላክ ሊኖርበት ይችላል። ቀላሉ መከላከያ ቅደም ተከተል ነው፦ የፔል ክፍፍሉ ሁለቱንም ማመልከቻ ስለሚነካ የልጁና የወላጆቹ አንድ ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሠሩ።

ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ «ራሱን ረድቷል» ተብሎ ዲፔንደንትነቱ አይቀርም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ የራስ ልጅ ላይ ስኮላርሺፕ በድጋፍ ስሌቱ አይገባም።

ስኮላርሺፑን ገቢ ብናደርገው ፋፍሳ ላይ አይጎዳንም?

ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻው) ላይ ገቢ ሆኖ ለአይአርኤስ የተገለጸ የኮሌጅ ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚጻፍበት ጥያቄ አለ፤ እዚያ ከተሞላ ከገቢው ላይ ይቀነሳል። ጥያቄው ባዶ ከተተወ ግን የልጁ ገቢ ተጋንኖ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት ወደ ኋላ ታክስ በመሆኑ ቁጥሩን ዛሬ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

የጤና ኢንሹራንስ በማርኬትፕሌስ የምትገዙ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ታክስ የመሙላት ግዴታ ያለበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ገቢው በቤተሰቡ ገቢ ላይ ይደመራል፤ የኢንሹራንስ ድጎማችሁንም ሊነካ ይችላል። ደመወዙና የተዘዋወረው ስኮላርሺፕ ተደምሮ ከ15,750 ካላለፈ፣ ሌላ ገቢም ከሌለው፣ ግዴታው የለም።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሌለው፣ በኤፍ 1 ቪዛ ለሚማርስ?

ለ2025 አይቲን (አይአርኤስ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው የሚሰጠው የግብር ቁጥር) ይበቃል፤ ማመልከቻው ከሚሞላበት ቀነ ገደብ በፊት የተሰጠ መሆን አለበት። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ግን ክሬዲቱን የሚጠይቀውም ተማሪውም ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። በ2025 የወጣው ሕግ ያመጣው ለውጥ ነው።

ከኢትዮጵያ በኤፍ 1 የመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት የካላንደር ዓመታት ለታክስ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም፤ ክሬዲቶቹ አይገቡትም፤ ስታንዳርድ ዲዳክሽንም የለውም። ለዶርምና ለምግብ በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ላይ ኮሌጁ 14 በመቶ ይቀንስና ፎርም 1042 ኤስ ይሰጠዋል፤ እሱም ነዋሪ ላልሆነ ሰው የሚሆነውን 1040 ኤንአር ይሞላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት በስምምነት የሚገኝ ነፃነት የለም። እንዲህ ያለ ተማሪ በስህተት መደበኛውን 1040 ሞልቶ 1,000 ዶላር ሪፈንድ ቢወስድ ገንዘቡን ከነወለዱ ይመልሳል፤ በቪዛ ጉዳዩም ላይ የማይፈለግ ጥያቄ ይጎትታል።

ያለፉት ዓመታት አምልጠውናል። ማስተካከል ይቻላል?

ይቻላል። በአጠቃላይ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ጊዜ አለ። ወላጆች 1040 ኤክስን ከፎርም 8863 ጋር ይልካሉ። ስኮላርሺፕ ወደ ኑሮ የሚዘዋወር ከሆነ የልጁም የዚያ ዓመት ማመልከቻ አብሮ ይስተካከላል፤ የአንዱ ብቻ ከተለወጠ ሁለቱ አይገጥሙም።

የሚያስፈልገው ወረቀት ይህ ነው፦ የዓመቱ 1098 ቲ፣ ከኮሌጁ የወጣው የተማሪው የሂሳብ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የመጽሐፍ ደረሰኝ ከኮርሱ ዝርዝር መግለጫ (ሲላበስ) ጋር፣ የኪራይ ወይም የዶርም ክፍያ ማስረጃ፣ እና ከፔሉ ስንቱ ለትምህርት፣ ስንቱ ለኑሮ እንደተመደበ የሚያሳይ አንድ ገጽ ስሌት። አይአርኤስ ይህን ክሬዲት በደብዳቤ ያጣራል፤ ማስረጃ ሳይቀርብ ቀርቶ ጥያቄው በግዴለሽነት የተጠየቀ ነው ከተባለ ለሁለት ዓመት፣ ማጭበርበር ከሆነ ለአሥር ዓመት ክሬዲቱን መጠየቅ ይከለከላል። ከተከለከለ በኋላ እንደገና ለመጠየቅ ፎርም 8862 ያስፈልጋል። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰውም ማስረጃውን መጠየቁን የሚያረጋግጥበት ፎርም 8867 የመሙላት ግዴታ አለበት፤ አንድም ደረሰኝ ሳይጠይቅ «2,500 አወጣላችኋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። በየከተማው በነፃ የሚሠሩት የቪታ በጎ ፈቃደኞች ይህን ክሬዲት ይሠራሉ፤ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የኮሌጁ ሂሳብ የሚከፈተው በእሱ የይለፍ ቃል ነውና።